የግብፅ ልብ ወለድ እና የአደባባዩ ነውጥ

ግብፅ ውስጥ ጋዜጣ ያልደፈረውን ብዙ ጊዜ የተናገረው ልብ ወለድ ነው። አንዳንዱ በግላጭ፣ ሌላው ዞር ብሎ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጊብ ማህፉዝ በ1956 መታተም በጀመረው ባለ ሦስት ቅጽ የካይሮ ልብ ወለዱ፣ በ1919 እንግሊዞች ላይ የተነሳውን አመፅ የሚያሳየን በአንድ ነጋዴ ቤት በኩል ነው። አባት በቤቱ ንጉሥ ነው። ልጁ ፋህሚ ግን ተደብቆ ወረቀት ይበትናል። የሚገደለው ደግሞ በተፈቀደ ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ነው። ለእኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚከብደው እሱ ቦታ ነው።

መኮንኖች ንጉሡን ከገለበጡበት ከ1952 በኋላ ደራሲ አሳሪው አብዮቱ ራሱ ሆነ። ሶናላህ ኢብራሂም ከ1959 እስከ 1964 ታስሯል። በ1966 ያወጣት «ያ ሽታ» ትንሽ መጽሐፍ ናት። ከእስር የወጣ ሰው ሳይመሽ ቤቱ መግባት አለበት። ማታ ማታ ፖሊስ ደብተር ይዞ እየመጣ ያስፈርመዋል። ጩኸት የለ፣ መፈክር የለ፣ ፊርማ ብቻ። መጽሐፏ ገና እንደወጣች ተለቅማ ተሰበሰበች።

ገማል አል-ጊታኒ ሌላ መላ ዘየደ። በ1974 የወጣው «ዘይኒ በረካት» ኦቶማኖች በ1517 ከመግባታቸው በፊት የነበረችውን ካይሮ ይተርካል። ጆሮ ጠቢውና ግርፋቱ ግን ለአንባቢው እንግዳ አልነበረም። ሰሙ ማምሉክ (የዚያን ዘመን ገዢዎች)፣ ወርቁ ፕሬዚዳንት ናስር።

በ2003 ሶናላህ ካይሮ ኦፔራ ቤት ለሽልማት ተጠራ። ሽልማቱ 100,000 የግብፅ ፓውንድ ነበር። መድረክ ላይ ወጥቶ ንግግር አነበበና አልቀበልም አለ። «ይህን ሽልማት የሚሰጠኝ መንግሥት ተአማኒነት የለውም» የሚል ነበር ምክንያቱ። የባህል ሚኒስትሩ እዚያው አዳራሽ ተቀምጠዋል።

በካይሮው ታህሪር አደባባይ ከተካሄደው የ2011 አመፅ ወዲህ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ መጣ። የአእምሮ ሐኪሟ ባስማ አብደል አዚዝ በ2013 ያሳተመችው ልብ ወለድ ርዕሱ ወረፋ ማለት ነው። በአማርኛ «ሰልፍ» ቢባል ይበልጥ ያምርበት ነበር፤ ወረፋንም የአደባባይ ሰልፍንም ይይዛልና። ከአመፅ በኋላ የተዘጋ በር ፊት አገር ሁሉ ተሰልፏል። ያሕያ ሰውነቱ ውስጥ ጥይት አለ። ለማስወጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። መንግሥት ደግሞ ማንም ላይ አልተተኮሰም ይላል።

አህመድ ናጂ በ2016 ሁለት ዓመት የተፈረደበት በፖለቲካ አልነበረም፤ የልብ ወለዱ አንድ ምዕራፍ መጽሔት ላይ ወጥቶ «የሕዝብን ጨዋነት ደፍሯል» ተብሎ ነው። ከሳሹ ምዕራፉን ሲያነብ ልቡ በኃይል እንደመታ፣ ደም ግፊቱም እንደወረደ አመልክቷል። መጽሐፉን የሳንሱር ሰዎች ቀድመው አሳልፈውት ነበር።