ትራከብል አያያዝና አስተላለፍ፦ በጂኦካሺንግ የሰው አደራ እንዴት ነው ሚጓዘው

ጂኦካሺንግ ባጭሩ አንዱ ሰው ውሃ ማያስገባ እቃ ውስጥ ወረቀትና ትናንሽ ነገሮች ከቶ የሆነ ቦታ ይደብቅና የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፣ ሌላው ስልኩን ይዞ ሄዶ ይፈልገዋል፣ ሲያገኘው ወረቀቱ ላይ ይፈርምና መልሶ እዛው ይደብቀዋል። የተደበቀው እቃ ካሽ ነው ሚባለው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሜይ 2000 ነው፣ የአሜሪካ መንግስት ህዝቡ ሚጠቀምበትን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ሳይውል ሳያድር ዴቭ አልመር ሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ፣ ህጉም ቀላል ነበር፦ የሆነ ነገር ውሰድ፣ የሆነ ነገር ተካ። ይሄ ህግ ዛሬም አለ፣ ትራከብል ላይ ግን አይሰራም፣ ብዙ ጀማሪም ሚሳሳተው እዚች ጋ ነው።

ትራከብል ማለት የራሱ መለያ ኮድ ያለው፣ በሰው እጅ ከካሽ ወደ ካሽ ሚጓዝ እቃ ነው። በብዛት ሚታወቀው ትራቭል በግ (Travel Bug) ነው፣ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ሚያረጉት አይነት ትንሽ ብረት ላይ ኮድ ይቀረጽበትና ከአሻንጉሊት ወይ ከቁልፍ መያዣ ጋር ታስሮ ይለቀቃል። ጂኦኮይን ደግሞ ኮዱ እላዩ ላይ የተቀረጸ ሳንቲም ነው፣ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሰራው ጆን ስታንሊ ሚባል ተጫዋች ነው። እያንዳንዱ ትራከብል ኢንተርኔት ላይ የራሱ ገጽ አለው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የት የት እንደደረሰ፣ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቱ ምን እንዲሆንለት እንደሚፈልግ እዛ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አንዱ እቃው ባህር ዳርቻ ባህር ዳርቻውን እንዲዞር ይፈልጋል፣ አንዱ ተራራ ጫፍ ላይ ፎቶ እንዲነሳለት፣ ሌላው ደግሞ ዓለምን ዞሮ ተመልሶ እጁ እንዲገባ። ይሄ ጎል ይባላል።

ስለዚ ትራከብል ያገኘ ሰው ስጦታ አላገኘም፣ አደራ ነው የተቀበለው። በምትኩ ምንም ማስቀመጥ አይጠበቅበትም፣ ግን ደግሞ የራሱ አርጎ ማስቀረትም አይችልም። ከመውሰዱ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፣ ይሄን እቃ ወደ ጎሉ ላቀርበው እችላለሁ ወይ? ወደ ሰሜን እንዲሄድ የተለቀቀን እቃ ወደ ደቡብ ሚጓዝ ሰው ባያነሳው ነው ሚመረጠው፣ አይቶ ኮዱን መዝግቦ እዛው ቢተወው ማንም አይቀየመውም። ጎሉን እዛው ካሹ ጋ ሆኖ ማንበብ ካልተቻለ ግን፣ ኔትወርክ ማይኖርበት ቦታ ብዙ ነውና፣ ወስዶ በኋላ ማንበብ ችግር የለውም፣ ዋናው ማንቀሳቀሱ ነው። አንዳንድ የትራከብል ሆቴል ሚባሉ ትልልቅ ካሾች ላይ አንድ ካልተካህ አንድ አትውሰድ ሚል ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ይሄ በኔ እምነት ልክ አይደለም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው እስር ቤት ይሉታል እንዲህ አይነቱን፣ ምክንያቱም መተኪያ ያለው ሰው እስኪመጣ እቃው ሳይንቀሳቀስ ወራት ይቀመጣል፣ ባለቤቱ ደግሞ የለቀቀው እንዲጓዝለት ነው እንጂ ሆቴሉ ሙሉ ሆኖ እንዲታይ አይደለም።

ስንት ጊዜ መያዝ ይቻላል ሚለው ሁሌ ሚነሳ ጥያቄ ነው። የተለመደው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፣ ከዛ ካለፈ ለባለቤቱ መጻፍ። ሁለት ሳምንቱ ግን ፖሊስ ሚያስከብረው ህግ አይደለም፣ ሰው ይታመማል፣ ስራ ይበዛበታል፣ ክረምት ይገባል፣ ወይ ደግሞ ወር ቆይቶ ሩቅ አገር ሊሄድ ነውና እቃውን ይዞት ቢሄድ ለጎሉ ይሻለዋል፣ ይሄ ሁሉ ምክንያት ነው። ምክንያት ማይሆነው ዝምታው ነው። ባለቤቱ እኮ ሚያየው ገጹን ብቻ ነው፣ የሆነ ሰው ወሰደው ይላል ከዛ በኋላ ምንም የለም፣ ጠፋ ይበል በሰላም ተቀምጧል ይበል ምንም ሚያውቅበት መንገድ የለውም። "እኔ ጋ ነው፣ ደህና ነው፣ በሚቀጥለው ወር ይዤው ሄጄ አስቀምጠዋለሁ" ሚል ሁለት መስመር በቂ ነው፣ ለመጻፍ ደቂቃ አይፈጅም ለሚያነበው ሰው ግን ትልቅ እረፍት ነው።

ሎጉ፣ ማለትም ገጹ ላይ ሚመዘገበው ማስታወሻ፣ የእቃውን ያህል ዋጋ አለው፣ እንዳውም ሰው ቸል ሚለው ይሄኛውን ነው። ከካሽ ሲወሰድ ወሰድኩ፣ ሲቀመጥ አስቀመጥኩ ተብሎ ይመዘገባል፣ ሳይወስዱት አይተውት ብቻ ከሆነ ደግሞ አየሁት ሚል አለ። አንዱ ሰው ካሹ ውስጥ አስቀምጦ ሎግ ሳያረግ ቤቱ ገብቶ ከተኛ ቀጥሎ ሚመጣው ሰው እቃውን በእጁ ይዞት ገጹ ላይ ግን እቃው አሁንም የመጀመሪያው ሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ እንዲህ ሲያጋጥም ቀጥታ ከሰውየው ላይ መረከብ ሚቻልበት የሎግ አይነት አለ፣ ግን ቸኩሎ ያንን ከማድረግ በፊት ጥቂት ቀን መጠበቅ ጨዋነት ነው፣ ሰውየው ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ሳያስመዘግብ ከተረከቡት የሄደበት ካሽ ከጉዞው ታሪክ ይጎድላል ኪሎሜትሩም ይዛባል። በተቃራኒው ደግሞ እቃው ገና ኪስ ውስጥ እያለ ዛሬ ማታ ማስቀመጤ አይቀርም ብሎ አስቀድሞ መመዝገብም አይገባም፣ ያንን አምኖ ረጅም መንገድ ተጉዞ ባዶ ሳጥን ሚከፍት ሰው አለ። እጅ ለእጅ መቀባበልም ይቻላል፣ ተጫዋቾች ሚገናኙበት ዝግጅት ላይ በጣም የተለመደ ነው።

ኮዱን በተመለከተ ሁለት ቁጥር መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ትራቭል በግ ሚለውን ስም አሳጥረው TB ብለው ሚጀምሩት ቁጥር ለሁሉም ሚታይ ነው፣ እቃው ላይ የተቀረጸው ግን ሚስጥር ነው፣ አየሁት ብሎ ለመመዝገብ ሚያስችለው እሱ ነውና። ስለዚ ፎቶ ሲለጠፍ ቁጥሩን በጣት መሸፈን ወይ ማጥፋት ያስፈልጋል፣ ሎግ ውስጥም አይጻፍም። የኮድ ዝርዝር ተለዋውጠው እቃውን በአይናቸው ሳያዩ ሚመዘግቡ ሰዎች አሉ፣ ባለቤቱ እንዲህ አይነቱን ሎግ የማጥፋት መብት አለው፣ ቢያጠፋም ልክ ነው ባይ ነኝ። ለየት ሚለው ማርስ ላይ ያለው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2021 እዛ ያረፈችው ፐርሰቨራንስ ሮቨር ሚሏት የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት ላይ ከተገጠሙት መሳሪያዎች ለአንዱ መለኪያ በተሰራው ሰሌዳ ላይ የትራከብል ኮድ አለ፣ እሱን ናሳ በሚለቀው ፎቶ አይቶ መመዝገብ ይቻላል። ወደ ጠፈርም የሄደ አለ፣ ሪቻርድ ጋሪዮት ሚባል የቪዲዮ ጌም ሰሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ትራቭል በግ ይዞ ወጥቷል።

ማስቀመጫ ካሽ መምረጥም እውቀት ይጠይቃል። ማይክሮ ሚባሉት ከ100 ሚሊ ሊትር በታች ስለሆኑ አብዛኛው እቃ አይገባባቸውም፣ ተጨናንቆ ክዳኑ ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ ውሃ ገብቶ የሌላውንም ሰው ወረቀት ያበላሻል። ከዛ የቅርብ ጊዜ ሎጎቹን ማየት፣ በቅርብ ሰው ያገኘው ነው ወይ? ክዳኑ ተሰብሯል፣ ረጥቧል፣ አላገኘሁትም ሚሉ መልእክቶች ከተደረደሩ እዛ መተው እቃውን እንደመጣል ነው። አላፊ አግዳሚ ሚበዛበት ቦታም ብዙም አይመከርም፣ ጨዋታውን ማያውቅ ሰው አግኝቶ ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል።

ገጹ ላይ አለ ተብሎ ካሹ ውስጥ ካልተገኘ ሎግ ላይ እሱን መጻፍ ነው፣ የካሹ ባለቤት ወይም የትራከብሉ ባለቤት ጠፍቷል ብለው ያስመዘግቡታል። ጠፍቷል የተባለ ዕቃ ግን የትም ቢገኝ ኮዱ ይሰራል፣ እንደገና ጉዞ መጀመር ይችላል። ለዚህ ነው አመት ሁለት አመት መሳቢያ ውስጥ ረስተውት አሁን ለመጻፍ ሚያፍሩ ሰዎች ዛሬም ቢሆን ማውጣት ያለባቸው፣ ቅርብ ካሽ ውስጥ አስቀምጠው አጭር ይቅርታ ቢጽፉ አብዛኛው ባለቤት ሚመልሰው ምስጋና ነው።

ባለቤቱም የራሱ ድርሻ አለው። ጎሉን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ላሚኔት አርጎ ከእቃው ጋር ማሰር፣ የጎል ለውጥ ካለ ገጹን ማስተካከል፣ በጣም ሚወደውን ወይ የልጁን መታሰቢያ ከመልቀቅ መቆጠብ፣ ለያዘው ሰው ደግሞ ገና ሳምንት ሳይሞላ የወቀሳ መልእክት አለመላክ። ትራቭል በግ ሲገዛ ሁለት ብረት ነው ሚመጣው፣ አንዱ እቃው ላይ ይታሰራል ሌላው ቤት ይቀራል፣ ዋናው እስከ መጨረሻው ከጠፋ ቤት የቀረውን በሌላ እቃ ላይ አስሮ በዛው ገጽ መልቀቅ ይቻላል።