የአፈር ናይትሬት ምርመራ፦ የሚባለውና እውነታው

የምርመራ ወረቀቱን አይቶ «አፈሬ ናይትሮጅን ሞልቶታል፣ ዩሪያ ምን ያደርግልኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቆይ፣ የተለካው የትኛው ናይትሮጅን ነው? ጠቅላላው ነው ወይስ ሰብሉ በቀላሉ የሚወስደው ናይትሬት?

«ጠቅላላ ናይትሮጅን ከተለካ ናይትሬቱም ተለክቷል።» ኧረ በጭራሽ። ጠቅላላው ብዙ ጊዜ የሚለካው ዮሃን ኬልዳል በ1883 እ.ኤ.አ. በካርልስበርግ ላብራቶሪ (አዎ፣ የቢራው ካርልስበርግ) ባወጣው ዘዴ ነው። ሰውየውን ያሳሰበው የእህል ፕሮቲን እንጂ አፈር አልነበረም። አፈሩ በሰልፈሪክ አሲድ ሲፈላ ኦርጋኒኩ (በብስባሽ ውስጥ የታሰረው) ናይትሮጅን ወደ አሞኒየም (ሌላ የናይትሮጅን ዓይነት) ይቀየራል፤ ናይትሬት ግን በተለመደው አሠራር በደንብ አይያዝም። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ አብዛኛው ግን ሰብሉ ዛሬ የማያገኘው ነው።

«ማሽኑ ጥሩ ከሆነ ውጤቱም ጥሩ ነው።» ነገሩ የሚበላሸው እኮ ገና ማሳው ላይ ነው። እርጥብ አፈር ፌስታል ውስጥ ታስሮ ፀሐይ በመታው መኪና ሲውል ባክቴሪያው ሥራ አልፈታም፤ አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት እየቀየረ ቁጥሩን ያሳድገዋል። አፈሩ ውሃ ጠግቦ አየር ካጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ናይትሬቱ ጋዝ ሆኖ ይበናል። ስለዚህ ናሙናውን በረዶ ባለው ሳጥን መውሰድና ቶሎ ማስመርመር ነው። ካልተቻለ ማቀዝቀዝ፣ ወይም ስስ አድርጎ ዘርግቶ ጥላ ውስጥ ቶሎ ማድረቅ።

«ናይትሬት በውሃ ስለሚሟሟ ከአፈሩ ለማውጣት ውሃ ይበቃል።» ለናይትሬት ብቻ ከሆነ ሊበቃ ይችላል። ግን የሸክላ አፈር ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ አሞኒየሙም አይወጣም። ለዚህ ነው 10 ግራም አፈር ከ100 ሚሊ ሊትር ባለ 2 ሞላር (ሞላር የጥንካሬ መለኪያ ነው) ፖታሺየም ክሎራይድ፣ ማለትም በውሃ የሟሟ ጨው፣ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል ተንጦ የሚጣራው። የማጣሪያ ወረቀቱና ጨዉ ራሳቸው ናይትሬት ሊኖርባቸው ስለሚችል ያለ አፈር የተሠራ ብላንክ አብሮ ይለካል። ይቺን የሚዘል ላብራቶሪ አልወድም።

«ላብራቶሪ ውስጥ ሲለካ የሚታየው ሮዝ ቀለም ናይትሬቱ ነው።» ናይትራይት ነው፣ ኦክስጅኑ በአንድ ያነሰ የናይትሬት ዘመድ! ናይትሬቱ በካድሚየም ኮለም (የካድሚየም ብረት ፍርፋሪ በተሞላ ቱቦ) ሲያልፍ ናይትራይት ይሆናል፣ ከዚያ በኬሚካል ቀለም አውጥቶ 540 ናኖሜትር አካባቢ ባለ የብርሃን ሞገድ ይነበባል። ኮለሙ ሲደክም ከፊሉ ሳይቀየር ያልፍና ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ መጠኑ የታወቀ የናይትሬት ስታንዳርድ በየጊዜው እያሳለፉ መፈተሽ ነው። ካድሚየም መርዝ ስለሆነ ቆሻሻው ሲንክ ውስጥ አይደፋም።

«ኤሌክትሮድ (ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ናይትሬትን የሚለካ ዘንግ) የትም ይነከራል።» ክሎራይድ ይረብሸዋል፣ ስለዚህ ያ የፖታሺየም ክሎራይድ ጭማቂ ውስጥ አይሆንም።

«10 ሁሌም 10 ነው።» በኪሎ አፈር 10 ሚሊግራም ናይትሬት-ናይትሮጅን (በናይትሬቱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ) ማለት 44 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ ካልጻፈ ማዳበሪያ ከማስላታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።