የብድር ታሪክ፦ ምን ይመዘገባል? እንዴትስ ይስተካከላል?

የብድር ታሪክ አንድ ሰው ምን ያህል እንደተበደረና እንዴት እንደከፈለ የሚያሳይ መዝገብ ነው። አበዳሪዎች መረጃውን በየጊዜው ይልካሉ። የብድር መረጃ ድርጅቶች ያጠራቅሙታል። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ብዙ ሰው መዝገቡ የሀብት ልክ ይመስለዋል። አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ በተባለው ቀን ተከፍሏል ወይ? በሪፖርቱ ላይ ከእያንዳንዱ ብድር ጎን ወራቱ ተደርድረው ይታያሉ። ክፍያው ካለፈበት ወር አጠገብ 30፣ 60 ወይም 90 የሚል ቁጥር ይሰፍራል። የዘገየባቸው ቀናት ናቸው። ደህና ደመወዝ ያለው ሰው፣ በመርሳት ብቻ፣ እዚያ መስመር ላይ 60 ሲጻፍበት ያሳዝናል።

ከመዝገቡ ላይ ነጥብ ይሰላል። በአሜሪካ የተለመደው ፊኮ የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው ክፍያን በሰዓቱ መፈጸም፣ 30 በመቶው የዕዳው መጠን፣ 15 በመቶው የታሪኩ ዕድሜ ነው። የቀረውን አዲስ ብድርና የብድር ዓይነት እኩል ይካፈሉታል። ደመወዝ ስሌቱ ውስጥ የለም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ዕዳው ላይ ነው። የክሬዲት ካርዳችሁ (የብድር ካርዳችሁ) ጣሪያ 10,000 ነው እንበል። 9,000 ተጠቀማችሁ፤ በመክፈያው ቀን ሙሉውን ከፈላችሁ። ሆኖም ነጥቡ ሊወርድ ይችላል። ለምን? አበዳሪው ብዙ ጊዜ የሚልከው የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ የነበረውን ዕዳ ነው። ያ ቀን ደግሞ ከመክፈያው ቀን ይቀድማል። ስለዚህ ሒሳቡ ሳይዘጋ ከፍሎ ዕዳውን መቀነስ ይጠቅማል። የማትጠቀሙበትን አሮጌ ካርድ መዝጋትም ጠቅላላ ጣሪያውን ስለሚያሳንስ ዕዳውን ከጣሪያው አንጻር ያጎላዋል።

ሪፖርቱን አስወጥታችሁ በደንብ አንብቡት። የራስን መዝገብ ማየት ነጥብ አይቀንስም። ተከፍሎ ያለቀ ብድር እንዳልተከፈለ ሆኖ ሊቀመጥ፣ የሞክሼ ዕዳም በስማችሁ ሊገባ ይችላል። እንዲህ ካገኛችሁ ደረሰኝ አያይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። በአሜሪካ ሕግ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት።

እውነተኛ ጥፋት ግን በማመልከቻ አይፋቅም። በዚያው አገር የዘገየ ክፍያ እስከ 7 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል፤ ጉዳቱ ግን እያደር ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ውዝፉን ክፈሉ፣ ከዚያ ቢያንስ ዝቅተኛው ክፍያ በቀኑ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጉ። ችግር ከገጠማችሁ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ አበዳሪውን አነጋግሩ። የክፍያ ጊዜ ማራዘም የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው።

ዋስ መሆንንም ቀላል አታድርጉት። ዋስ የሆናችሁለት ሰው ካልከፈለ ዕዳው ወደ እናንተ ሊዞር፣ መዝገባችሁም ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ክፍያ ሲዘገይ ለእናንተም እንዲነገራችሁ አበዳሪውን ጠይቁ።