ማይክ የያዘው ሰው ብቻውን አይደለም

ድሬዳዋ ውስጥ ካሜራ ተሸክሜ ዓመታት ዞሬያለሁ። ከዚራ ሰፈር ማኪያቶ ይዤ ስቀመጥ ሰው የሚጠይቀኝ ግን ስለ ዜና አንባቢዋ ነው። «አቦ፣ ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ወሬ ከየት ታመጣዋለች?» ይለኛል። አልፈርድበትም፤ የሚያየው እሷን ነው። ሰው ስለ ቴሌቪዥን ዜና ሲል የምሰማውን እያነሳሁ እንደሚመቸኝ ልመልስ።

«ዜናውን የሚሠራው አንባቢው ነው።»

አንባቢውም የሚጽፍበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን እጁ ሲገባ ዜናው አልቋል። ምን ይሠራ የሚለው ጠዋት በኤዲቶሪያል ስብሰባ ይወሰናል። ሪፖርተሩ ወጥቶ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። አዘጋጁ ያርማል። የቪዲዮ ኤዲተሩ ምስሉን ይገጣጥማል። አንባቢው ከፊቱ ካለው ስክሪን ሲያነብ ዳይሬክተሩ በጆሮው «ቪዲዮው አልደረሰም፣ ወደ ቀጣዩ እለፍ» ይለዋል። ያንን እየሰሙ ፊት ሳይለውጡ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ አንዴ ለቀልድ ሞክሬው ላብ አጥምቆኛል።

«ካሜራማን ቁልፍ ይጫናል፤ የሚያስበው ሪፖርተሩ ነው።»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ለውሃ ዜና ወጣን። መንገዱን ሙሉ ስለ ኳስ አወራን። ስለ ዜናው የማውቀው «የውሃ ነገር ነው» የሚለውን ብቻ ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩም። አዲሱን ቧንቧ፣ ታንከሩን፣ ኃላፊው ሲናገሩ በሚያምር ብርሃን ቀረጽኩ። ማታ ስክሪፕቱ መጣ። የመጀመሪያው መስመር እናቶች ገና ሳይነጋ ቦኖ ላይ ጀሪካን ደርድረው ወረፋ እንደሚጠብቁ ይናገራል። ወረፋ የለኝ፣ ጀሪካን የለኝ! ድምፁ ስለ ወረፋ እያወራ ምስሉ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ የሚያሳይ ዜና አየር ላይ ዋለ። ኤዲተሩ ተወቀሰ። ጥፋቱ ግን የእኔና የሪፖርተሩ ነበር። ዋዜማውን ሁለት ደቂቃ ተነጋግረን ቢሆን ኖሮ ሌሊት 11 ሰዓት ቦኖው ጋ እንቆም ነበር።

ካሜራማን የሚያስበው ብዙ ነው። የከዚራ ዛፎች ጥላ ለመንገደኛ በረከት ነው፤ ለእኛ ግን ፈተና። በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የሚያልፈው ፀሐይ ሰው ፊት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ይጥላል። ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳ ካቆምከው ደግሞ ዓይኑ ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ «እዚህ ይቁሙልኝ» ስንል ለማስቸገር አይደለም። ቀፊራ ገበያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲሠራም ገበያውን ከሩቅ፣ ነጋዴዋን ከመካከል፣ ሚዛኑንና ብር የምትቆጥረውን እጅ ከቅርብ መያዝ አለብህ። አለበለዚያ ኤዲተሩ ከምን ጋር ምን ይቀጥል?

«ድምፁ ስቱዲዮ ይስተካከላል።»

ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። የባጃጅ ጩኸት ከሰው ንግግር ጋር አንዴ ከተቀዳ ንግግሩን ሳያበላሹ መለየት ከባድ ነው። ሲቀርጹ ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፣ ባጃጁ ይለፍ። አበቃ።

«20 ደቂቃ ተናግሬ 15 ሴኮንድ አስቀሩልኝ፤ ኤዲተሩ ቢጠላኝ ነው።»

ኤዲተሩ ምናልባት ስምዎንም አያውቅም። በሴኮንድ 50 ሜጋቢት በሚቀርጽ ካሜራ ያ 20 ደቂቃ 7.5 ጊጋባይት ይሆናል። ዜናው በሙሉ ግን ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ከንግግርዎ የቱ ይግባ የሚለውን የሚመርጠው በስክሪፕቱ ላይ ሪፖርተሩ ነው፤ አዘጋጁ ያጸድቃል። ኤዲተሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያገናኝ ምስሉ እንዳይዘል መሃል ላይ እጅዎን ወይም የቢሮውን በር ያሳያል።

እዚህ ጋ ግን ቅሬታው እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚያች እጅ ስር «ነገር ግን» የሚለው ቃልዎ ተቆርጦ ከወደቀ ሐሳቡ ተገልብጧል። ለዚህ ነው ቃለ መጠይቁ ላይ የነበረው ሪፖርተር ኤዲቲንግ ክፍል መቀመጥ ያለበት። ጽሑፉን ሰጥቶ በርጫ የሚሄድ ሪፖርተር ግማሹን ሥራ ጥሎ ነው የሄደው።

የማህደር ምስልም እንደዚሁ ነው። ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። ዛሬ ዝናብ ጣለ ተብሎ ያን የቆየ ምስል «ከማህደር» የሚል ጽሑፍ ሳይኖርበት ብታሳይ፣ አዲስ አበባና ጅቡቲ ያለው ዘመድ በሙሉ ስልክ ያነሳል። ምስሉን ኤዲተሩ ያስገባ፤ ጽሑፉን ግራፊክስ ላይ ያለው ሰው ይጻፍ፤ «ይህ መቼ የተቀረጸ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የሁሉም ነው።

«ሹፌሩ ሹፌር ነው።»

ደቻቱ ሲመጣ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ የሚያውቀው እሱ ነው። «ባትሪ ይዛችኋል?» ብሎ ስንት ጊዜ አድኖኛል።

«በአማርኛ ካለቀ ኦሮምኛውና ሶማሊኛው ትርጉም ብቻ ነው።»

ድሬ ላይ ይህን የሚል ሰው ዴስኮቹን፣ ማለትም በየቋንቋው ዜና የሚያዘጋጁትን ክፍሎች፣ አላያቸውም። መጀመሪያ ነገር፣ ርዝመቱ አንድ አይሆንም። በአማርኛ አምስት ሴኮንድ የፈጀው በሌላው ስምንት ሊፈጅ ይችላል። ያኔ ምስሉ ቀድሞ ያልቃል፤ ኤዲተሩ እንደገና ይቀጥላል፤ እኔም ትርፍ ምስል ካልቀረጽኩ ጉድ ፈላ። ሁለተኛ፣ አማርኛ የተናገረው ሰው በአንዱ ዴስክ ትርጉም ያስፈልገዋል፣ ሶማሊኛ የተናገረችው ደግሞ በሌላው። ጥሩ ቡድን ከመውጣቱ በፊት «በሁለት ቋንቋ ሊናገርልን የሚችል አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድን ነጋዴ በሦስት ቋንቋ አናግረን ለሦስቱም ዴስክ ያደረስንበት ቀን ነበር። ድሬ እንዲህ ዓይነት ሰው አይቸግራትም።

«አሁን ስልክ አለ፤ ቡድን ምን ያደርጋል?»

ይቻላል። ድንገተኛ ነገር ሲሆን በስልክ ቀርጾ፣ እዚያው ቆርጦ የሚልክ ሪፖርተር ወርቅ ነው። እኔም ብቻዬን ሠርቻለሁ። ስትጠይቅ ፍሬሙን ትረሳለህ፤ ፍሬሙን ስታይ መልሱን አትሰማም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚያርምህ ሰው አለመኖሩ ነው። ባለፈው ብቻዬን በሠራሁት ዜና የአንድ አባወራ ስም ከማል የነበረውን ጀማል ብዬ ጻፍኩ። ዜናው አየር ላይ ሊውል ደቂቃዎች ሲቀሩት ያስቆመችኝ ስክሪን ላይ ስም የምታስገባዋ ልጅ ናት። ሰውየው የአክስቷ ጎረቤት ነው።