ተከታታይ ምርት ምንድን ነው?

ስለ ጥንት መኪኖች በተነሳ ቁጥር «የዱሪያ ወንድማማቾች 13 መኪና ሠርተው የከሰሩ የጋራዥ ሰዎች ናቸው፤ ማምረት የተጀመረው በፎርድ ነው» የሚል አስተያየት ይደጋገማል። አስተያየት ሰጪው ቁጥሩን በትክክል ይዞታል፤ ሐሳቡን ግን ስቶታል።

ተከታታይ ምርት በብዛት አይለካም። አንድ ንድፍ ተይዞ በዚያው ደጋግሞ ለሽያጭ መሥራት ነው። ቻርልስና ፍራንክ ዱሪያ እ.ኤ.አ. በ1893 በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ያስነዷት መኪና ሙከራ ነበረች። በ1896 የወጡት 13ቱ ግን ከአንድ ንድፍ የተቀዱ ናቸው፤ አንዷም ዛሬ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች። (ጀርመን ውስጥ ቤንዝ ቬሎ የተባለው መኪና በተከታታይ ምርት ቀድሟቸዋል፤ እኔ የምለው ስለ አሜሪካ ነው።)

ልብስ ሰፊ በአንድ የወረቀት ልክ 13 ዩኒፎርም ቢሰፋ ተከታታይ ምርት ነው። የአንዱን እጅጌ ፈትቶ ከሌላው ትከሻ ቢያያይዘው ግን ላይገጥም ይችላል፤ እያንዳንዱን በእጁ እያስተካከለ ነውና የሰፋው። ማንኛውም እጅጌ ከማንኛውም ትከሻ ሲገጥም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደረስን። ሰፊዎቹ በቦታቸው ሆነው ጨርቁ በፊታቸው ሲያልፍ ሦስተኛው ነው። ፎርድ በ1913 በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካው ያስጀመረው ይህንን ሦስተኛውን ነው፤ በጅምላ ማምረት የምንለውም ይኸው ነው።

ሁለተኛውን በአደባባይ ያስመሰከረው የአሜሪካው መኪና አምራች ካዲላክ ነው። በ1908 እንግሊዝ አገር በብሩክላንድስ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ሦስት የካዲላክ መኪኖች ብሎን በብሎን ተፈቱ፣ ክፍሎቻቸው ተደባለቁ፣ የተወሰኑትም ከመጋዘን በመጡ መለዋወጫዎች ተተኩ። መካኒኮቹ ሞረድ ሳይነኩ በመፍቻና በካቻቪቴ ገጣጠሟቸው፤ ሦስቱም 500 ማይል ሮጡ። የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ እዚህ ላይ ልጨምር፦ ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ክፍሎች በዓለም ላይ የሉም። የሚፈለገው ልዩነታቸው ከተፈቀደው ወሰን አለመውጣቱ ነው።

ስለዚህ «ዱሪያን የጣለው በጅምላ አለማምረቱ ነው» ማለት ስህተት ነው፤ በጊዜው በጅምላ የሚያመርት ተወዳዳሪ ገና አልነበረም። በኅዳር 1895 ፍራንክ የቺካጎን ውድድር በበረዶ ላይ አሸንፏል፤ በዓመቱም መኪኖቻቸው ከለንደን ወደ ብራይተን በተደረገው ጉዞ ተካፍለዋል። ስም አላነሳቸውም። ነገር ግን የመጀመሪያዋ መኪና ተሠርታ ሳታልቅ ቻርልስ ኢሊኖይ ውስጥ ወዳለችው ፒዮሪያ ከተማ ሄዶ ነበር፤ ሥራውን የጨረሰው ፍራንክ ነው። «የፈጠራው ባለቤት ማን ነው?» የሚለው ቅራኔ ከዚያ ወዲያ አልበረደም። በ1898 ተለያዩ፤ ኩባንያውም አበቃ። ቻርልስ በፔንስልቬንያ ባለ ሦስት ጎማ መኪና መሥራት ያዘ፤ ፍራንክም ከሌላ ድርጅት ጋር ተጣምሮ ስቲቨንስ-ዱሪያ የተባለውን መኪና አወጣ።