ጎማው ላይ የተጻፈው «200» ምን ማለት ነው?

የስፖርት መኪናዎን ጎማ ሊቀይሩ ሄደው ጎንበስ ብለው ጎኑን ሲያዩ «ትሬድዌር 200» ወይም «300» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ። ብዙ ሰው የኪሎ ሜትር ገደብ ወይም የጥራት ነጥብ ይመስለዋል፤ ሁለቱም አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው የጎማ አላለቅ መለኪያ ነው። መነሻው 100 የተሰጠው ማወዳደሪያ ጎማ ሲሆን፣ 200 ማለት በቴክሳስ በሚካሄደው የመንገድ ሙከራ መሠረት ከእርሱ እጥፍ ይቆያል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ቁጥሩን የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ የአንዱን ኩባንያ 200 ከሌላው 200 ጋር እኩል አድርጎ ማየት ያሳስታል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብዙውን ጊዜ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። አጠገቡ ያለው «ኤኤ» ወይም «ኤ» የሚለካው በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያለውን የፍሬን አያያዝ ብቻ ነው፤ ስለ ኩርባ ምንም አይናገርም።

እኔ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና 300 አካባቢ ያለውን፣ እንደ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ያለውን እመርጣለሁ። የበጋ ጎማ (ለሞቃት ወቅት የተሠራ) ስለሆነ ግን ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ላስቲኩ ድርቅ ይላል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ኅዳር ላይ አውልቀው የክረምቱን (የብርድና የበረዶ ወቅቱን) ያስገጥሙ።