«ኩሊንግ ፍሎው» ምንድን ነው?

የላሊበላ አካባቢ ሰማይ ለከዋክብት ጥናት ይመቻል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር ይበልጣል፣ አየሩም ስስ ነው። ኩሊንግ ፍሎው የሚባለውን የጋዝ ፍሰት ግን እዚያ ጫፍ ላይ ወጥታችሁም አታዩትም። የሚያበራው በኤክስሬይ ነው፤ ኤክስሬይ ደግሞ ከከባቢ አየር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀው የቻንድራ ቴሌስኮፕ ሥራ እዚህ ላይ ነው።

ጋላክሲዎች በመቶዎችና በሺዎች ሲሰባሰቡ ክላስተር ይባላሉ። በመካከላቸው ያለውን ቦታ በአስር ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ ሞልቶታል። የጋላክሲዎቹ ከዋክብት ተደምረው እንኳ በክብደት አይደርሱበትም። ግን እጅግ ስስ ነው፦ በፐርሲየስ ክላስተር እምብርት በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኙት ኤሌክትሮኖች በአስሮች የሚቆጠሩ ናቸው።

ጋዙ ኤክስሬይ በረጨ ቁጥር ሙቀቱን ያጣል። መሃል ላይ ስለሚጠጋጋ እዚያ ቶሎ ይበርዳል። ሲበርድ ግፊቱ ይላላል፣ ከላይ ያለው ይጫነዋል፣ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ኩሊንግ ፍሎው ማለት ይሄ ነው። በስሌቱ ከሄድን በአንዳንድ ክላስተሮች በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፀሐዮችን የሚያህል ጋዝ መቀዝቀዝ ነበረበት።

የበረደ ጋዝ ደግሞ ኮከብ ይወልዳል። የታሉ ታዲያ ኮከቦቹ? ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን የተባለው ሌላው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ሲያዩት፣ ጋዙ እስከ ሲሶው ሙቀቱ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች እምብዛም የለም። የሆነ ነገር መልሶ ያሞቀዋል።

ዋናው ተጠርጣሪ መሃል የተቀመጠው ግዙፉ ብላክ ሆል ነው። የሚደርሰውን ጋዝ ይውጣል፣ ከዚያም ኃይለኛ ፍንጥቅ እየተፋ ዙሪያውን ያሞቃል። ሲሞቅ ቀለቡ ይቋረጥበታል። ጀበና ገንፍሎ የገዛ ፍሙን እንደሚያጠፋው ማለት ነው። ቆይቶ ጋዙ ሲበርድ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ማስረጃው ያለው ፐርሲየስ ላይ ነው፤ ርቀቱ 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ። በታህሳስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከደሴ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ አልጎል የተባለውን ኮከብ ታገኛላችሁ፤ ክላስተሩ ከእሱ አጠገብ ነው፣ በዓይን ግን አይታይም። በጋዙ ውስጥ ብላክ ሆሉ የነፋቸው ትላልቅ አረፋዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የድምፅ ሞገድ ተገኘ። አንዱ ሞገድ አልፎ ሌላው እስኪመጣ 10 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጃል! ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ሙቀቱ ወደ ጋዙ ሁሉ እንዴት ይዳረሳል የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል። በሞገዱ ነው የሚሉ አሉ፣ በጋዙ መናወጥ ነው የሚሉም አሉ። የጃፓኗ ሂቶሚ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2016 ከመበላሸቷ በፊት የፐርሲየስን መሃል ለክታ ነበር፤ መናወጡ በሰከንድ 164 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለእንደዚህ ያለ ቦታ ይሄ ረጋ ያለ ነው። ፊኒክስ የሚባለው ክላስተር ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል፦ እዚያ ማሞቂያው የተሸነፈ ይመስላል፤ ኮከቦች በየዓመቱ በመቶዎች ይወለዳሉ።